እድራችን ለሥራ አጥ ወጣቶች ድጋፍ ቢያገኝ በምን ላይ ያውለው?

ጥያቄው፦ «በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ያለ የሰፈር እድር ጸሐፊ ነኝ። 260 አባወራ አለን። ከአባላቱ ልጆች መካከል ሥራ የሌላቸውን ስንቆጥር 42 ሆኑ። ግማሽ ያህሉ ቴክኒክና ሙያ ወይም ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ናቸው። አንድ የአገር ውስጥ ድርጅት ሥራ አጦችን ለሚረዱ የማህበረሰብ ቡድኖች እስከ 300 ሺህ ብር ድጋፍ እንደሚሰጥ ሰማን። ኮሚቴያችን ግን አልተስማማም። ግማሹ ‹ብሩን እኩል እናካፍላቸውና ንግድ ይጀምሩ› ይላል። ግማሹ ‹የልብስ ስፌት መኪና ገዝተን እናሠልጥናቸው› ይላል። ለመሆኑ እድር ያለ ፈቃድ ማመልከት ይችላል? ገንዘቡስ ይመለሳል? ችግራችንን በደንብ አድርገን ብንጽፍ ይሰጡናል?»

ምላሽ፦ ከኮሚቴው ሁለት ሐሳቦች አንዱንም አልመክርም። ምክንያቱን ላስቀድም፤ ከዚያ ወደ ፈቃዱና ወደ ማመልከቻው እንሄዳለን።

300 ሺህ ብር ለ42 ሰው ሲካፈል ለአንዱ 7 ሺህ ብር ገደማ ይደርሰዋል። በዚህ ብር ጀበና፣ ሲኒ፣ ረከቦት፣ ምድጃና ጥቂት በርጩማ ይገዛ ይሆናል። ቦታውስ? የመጀመሪያው ወር ኪራይስ? ቡናውና ስኳሩ ሲያልቅ የሚተካውስ? ገና ሽያጭ ሳይጀመር ብሩ ያልቃል። ቤት ውስጥ የታመመ ሰው ካለ ደግሞ ከሁሉ በፊት ለመድኃኒት ይውላል። ይህ የልጆቹ ጥፋት አይደለም። እኛም በቦታቸው ብንሆን እንደዚያው እናደርግ ነበር።

በአገራችን በዚህ ላይ የተሠራ ጥሩ ጥናት አለ። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ ተመራማሪዎች በአምስት ድርጅቶች ለመቀጠር ያመለከቱ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን በዕጣ በሦስት ከፈሏቸው። አንዱ ክፍል ሥራው ተሰጠው። አንዱ ወደ 300 ዶላር የሚጠጋ መነሻ ገንዘብ ከአጭር የንግድ ሥልጠና ጋር አገኘ። ሦስተኛው ምንም አላገኘም። ከአንድ ዓመት በኋላ መነሻ ገንዘብ የተሰጣቸው ሰዎች ገቢ ምንም ካላገኙት በሲሶ ያህል በልጦ ተገኘ። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ልዩነቱ ጠፍቶ ሁሉም እኩል ሆኑ። እነዚያ ሰዎች የተሰጣቸው 300 ዶላር ነው፤ ሥልጠናም ነበረው። የእናንተ 7 ሺህ ብር በዛሬ ምንዛሪ 70 ዶላር አይሞላም። ገንዘብ መስጠት አይጠቅምም እያልኩ አይደለም። ይህን ያህል ቀጭን ሆኖ ሲሰጥ ግን ምንም የሚለውጠው ነገር አይኖርም። በዚያ ላይ ለቡድን ድጋፍ የሚሰጥ ለጋሽ አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡን ለግለሰብ በጥሬው ማከፋፈልን በውሉ ይከለክላል። ሐሳቡን በማመልከቻው ላይ ብትጽፉት ገና በመጀመሪያው ማጣሪያ ትወድቃላችሁ።

ወደ ስፌት መኪናው ልምጣ። ይህን ሐሳብ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ድጋፍ በሚመርጡ ኮሚቴዎች ውስጥ ስቀመጥ ከሚመጡት ማመልከቻዎች ውስጥ ይህ የማይጠፋበት ዙር የለም። የሚማርክበት ምክንያት ይገባኛል። መኪና ይታያል፣ ይቆጠራል፣ ፎቶ ይነሳል። ግን ማን ያሠለጥናል? በስንት ወር? መብራት ሲጠፋስ? የተሰፋውን ማን ይገዛል? ከስድስት ወር በኋላ ድጋፉ ሲያበቃ የአሠልጣኙን ደመወዝ ማን ይከፍላል? አንድ እድር ቤት ገብቼ ያየሁትን አልረሳውም። ከድንኳኑ፣ ከብረት ድስቶቹና ከተደረደሩት ወንበሮች ጎን አራት ስፌት መኪናዎች ፕላስቲክ ለብሰው ቆመዋል። አንዱ ላይ ክር እንደተሰካ ነበር። የተማሩት ልጆች መስፋት ይችላሉ። ሰፍተው የሚሸጡበት ቦታም፣ የሚቀጥራቸውም ግን አልነበረም። ሙያ ማስተማር የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ሥራ ነው። ኮሌጁ አለ፣ መምህሩም አለ። የእናንተ ልጆች ግማሹ እንዲያውም ተምረው ጨርሰዋል። የጎደላቸው ሌላ ነገር ነው።

ምን እንደጎደላቸው ለማወቅ 42ቱን አንድ በአንድ ማነጋገር ያስፈልጋል። «ሥራ አጥ» የሚለው ቃል የተለያዩ ሰዎችን በአንድ ጆንያ ይከታል። አንዷ የሂሳብ ዲግሪ ይዛ ለሁለት ዓመት ስታመለክት የኖረች ናት። አንዱ አሥረኛ ክፍል ላይ አቋርጦ የቀን ሥራ አንድ ቀን እያገኘ ሦስት ቀን የሚያጣ ነው። ሌላዋ ልጅ ወልዳ ቤት የቀረች ናት፤ ሕፃኑን የሚይዝላት ብታገኝ ነገ ትወጣለች። ሦስቱም አንድ ሥልጠና አዳራሽ ውስጥ ቢቀመጡ አንዳቸውም አይጠቀሙም።

ከዓመታት በፊት ከአንድ ሌላ እድር ጋር ስሠራ የገጠመኝን ልንገራችሁ። በሒሳብ መዝገብ አያያዝ ዲፕሎማ ያላት አንዲት ልጅ በገንዘብ ያዥነት ፈተና አለፈች። ቃለ መጠይቁንም አለፈች። ደብዳቤው ደረሳት። ከዚያ «ቋሚ ደመወዝተኛ የሆነ ዋስ አምጪ» ተባለች። አባቷ በሕይወት የለም። እናቷ ጉሊት ትቸረችራለች። በዘመድ ውስጥ ቋሚ ደመወዝ ያለው ሰው የለም። የተሰጣት ጊዜ አምስት ቀን ነበር። በስድስተኛው ቀን ቦታው ለተጠባባቂው ተሰጠ። የሚያንገበግበው ነገር ይኼ ነው፤ ከቤታቸው ሦስት አጥር አልፎ የሚኖር የእድሩ አባል የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። በኋላ ሲሰማ «ምነው አልነገራችሁኝም?» ብሎ አዘነ። እናቷ ግን ሰው ማስቸገር አፍራ ዝም ብላ ነበር።

ይህ ችግር በገንዘብ እጥረት የመጣ አልነበረም። በሥልጠና እጥረትም አልነበረም። አንድ ሰው መሃል ላይ ቆሞ «አቶ እገሌ፣ ይህችን ልጅ ያውቋታል?» ብሎ የሚጠይቅ አለመኖሩ ነው። እዚህ ላይ እድር ከየትኛውም ድርጅት ይበልጣል። አባላቱ የት እንደሚሠሩ ያውቃል። የልጁን ጠባይ ያውቃል። እናቱ ስትታመም ማን እንደጠየቀ ሳይቀር ያውቃል። ስለዚህ አነስተኛ ድጋፍ በደንብ የሚሠራው ከቤት እስከ ሥራው በር ባለችው መንገድ ላይ ሲውል ነው። ታክሲውን፣ ሰነዱን፣ የብቃት ምዘና ክፍያውን፣ ሲቪውን፣ ዋሱን፣ የመጀመሪያውን ወር ምሳ ማለቴ ነው። እያንዳንዱ ትንሽ ነው። አንዱ ብቻ ሲጎድል ግን ሰው ከበር ይመለሳል።

ይህንንም የሚደግፍ ማስረጃ ከዚሁ ከአዲስ አበባ አለ። ጊሩም አበበና ባልደረቦቹ ከ18 እስከ 29 ዓመት የሆናቸውን ሦስት ሺህ የሚጠጉ ወጣቶች ይዘው ሁለት ነገር ሞከሩ። ለአንዱ ቡድን ሥራ ለመፈለግ መሃል ከተማ ሲመላለስ የትራንስፖርት ገንዘብ ሰጡ። ለሌላው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ንግድ ሥራ ኮሌጅ አጭር ዎርክሾፕ አዘጋጁ። ወጣቶቹ እዚያ ሲቪና ማመልከቻ አጻጻፍ፣ የቃለ መጠይቅ አቀራረብ ተማሩ፤ ችሎታቸውን የሚለካ ፈተና ወስደውም ውጤቱን የሚያሳይ ሰርተፊኬት ተቀበሉ። በመጀመሪያው ጊዜ ሁለቱም መደበኛ ሥራ የማግኘትን ዕድል ጨመሩ፤ ዎርክሾፑ ደግሞ ቋሚ ሥራ የማግኘትንም ጨመረ፤ በተለይ ትምህርታቸው ዝቅ ላለ ወጣቶች። ከአራት ዓመት በኋላ ሲታይ ግን የትራንስፖርቱ ጥቅም ጠፍቷል። ዎርክሾፑን የወሰዱት ገቢያቸው በ20 በመቶ ገደማ በልጦ ተገኘ። ጥቂት ቀን የማይፈጅ ነገር ይህን ያህል ዘለቀ።

ልብ በሉ፤ ይኸው ጥናት የሥራ አጡን ጠቅላላ ቁጥር አልቀነሰም። ሰዎቹ የተሻለ ሥራ አገኙ እንጂ በከተማው ውስጥ አዲስ ሥራ አልተፈጠረም። የናንተም ድጋፍ ሥራ አይፈጥርም። ያለውን ክፍት ቦታ ልጆቻችሁ እንዲደርሱበት ያደርጋል። ማመልከቻ ላይ «42 የሥራ ዕድል እንፈጥራለን» ብላችሁ አትጻፉ። የሚያነበው ሰው ይህን ልዩነት ያውቃል።

አሁን ስለ ፈቃዱ። እዚህ ላይ የሚወራው ሁሉ የተደባለቀ ነው። የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርንና እቁብን ከነመሰሎቻቸው ከተፈጻሚነቱ ወሰን አውጥቷቸዋል። ስለዚህ እድር ሆናችሁ ለመኖር ከሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ፈቃድ አያስፈልጋችሁም። «ያለ ፈቃድ እየሠራችሁ ነው» ብሎ የሚከሳችሁ ሰው ተሳስቷል። ችግሩ ያለው በሌላ በኩል ነው። አብዛኛው ለጋሽ ውል የሚፈራረመው የምዝገባ ሰርተፊኬት፣ በድርጅቱ ስም የተከፈተ የባንክ ሂሳብና የተመረመረ የሂሳብ ሪፖርት ካለው አካል ጋር ነው። ሕጉ ባይከለክላችሁም የለጋሹ መስፈርት ሊያስቀራችሁ ይችላል። ጥሪውን ስታነቡ በመጀመሪያ ማየት ያለባችሁ «ማን ማመልከት ይችላል» የሚለውን አንቀጽ ነው። የገንዘቡ መጠን ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ምርጫችሁ ሁለት ነው። አንደኛው የራሳችሁን የልማት ማህበር አቋቁማችሁ መመዝገብ ነው። ይቻላል፤ ጊዜ ግን ይወስዳል። ከተመዘገባችሁ በኋላም በየዓመቱ የሥራና የሂሳብ ሪፖርት አለባችሁ። አስተዳደራዊ ወጪያችሁ ከጠቅላላ ገቢያችሁ ከ20 በመቶ መብለጥ አይችልም። ለአንድ የ300 ሺህ ብር ድጋፍ ሲባል ይህን ሁሉ ሸክም መጫን አይመከርም። ሁለተኛው በአካባቢያችሁ ከሚሠራ የተመዘገበ የአገር ውስጥ ድርጅት ጋር ተጣምሮ ማመልከት ነው። ድርጅቱ ውሉን ይፈርማል፣ ሂሳቡን ይይዛል፣ ኦዲት ያስደርጋል። እናንተ ሥራውን ትሠራላችሁ። እኔ ይህን እመክራለሁ። ግን በአፍ ብቻ አይሁን። ገንዘቡ በገባ በስንት ቀን እንደሚለቀቅላችሁ፣ ማን እንደሚፈርም፣ ድርጅቱ ለራሱ ስንት እንደሚያስቀር በመግባቢያ ሰነድ ላይ ይስፈር። በዚህ ጉዳይ በቃል ብቻ ተማምነው የተጣሉ ቡድኖችን አውቃለሁ።

«ገንዘቡ ይመለሳል?» ላላችሁት፣ ድጋፍ ብድር አይደለም፤ ወለድም ተመላሽም የለውም። በ2009 ዓ.ም. በ10 ቢሊዮን ብር ከተቋቋመው የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ጋር አታምታቱት፤ ያ ብድር ነው፤ የወሰደ ይመልሳል። ድጋፍ ግን እንደ ሠርግ ስጦታም አይደለም። የታሰረለት ዓላማ አለው። በጀቱ ላይ «ትራንስፖርት» የተባለው ለድንኳን መጠገኛ ከዋለ ያን ያህል ብር ከራሳችሁ ኪስ ትመልሳላችሁ። ደረሰኝ የሌለው ወጪም እንዳልወጣ ይቆጠራል። ያልተጠቀማችሁበት ተራፊም ብዙ ጊዜ ተመላሽ ነው። ስለዚህ የእድሩን የቀብር ገንዘብና ይህን ገንዘብ በአንድ ሂሳብ አትቀላቅሉ። ለአንድ ሳምንት ብላችሁ እንኳን እንዳታበዳድሩ። አንድ አባል ሞቶ ካዝናው ባዶ ቢሆን ሰፈሩ ምን እንደሚል እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

ችግራችሁን አሳምሮ ስለመጻፍ ጠይቃችኋል። ድህነትን በሦስት ገጽ መተረክ ነጥብ አያስገኝም። ሁሉም አመልካች ድሃ ሰፈር ነው ያለው። ገምጋሚው የሚፈልገው ከዚያ የሚቀጥለውን ነው፦ ለየትኛው ሰው፣ ምን፣ በስንት ብር፣ እስከ መቼ፣ መሳካቱ በምን ይታወቃል? በእናንተ እጅ ያለውን ትልቅ ነገር ደግሞ እንዳትረሱ። እድራችሁ ስንት ዓመት ሙሉ በየወሩ መዋጮ ሰብስቦ፣ መዝግቦ፣ በሐዘን ቀን በሰዓቱ ከፍሏል? የገቢና ወጪ መዝገባችሁን ሁለት ሦስት ገጽ ኮፒ አድርጋችሁ አያይዙ። ከማንኛውም ያማረ ቃል በላይ ይህ ይመሰክራል። አዳራሹ፣ ወንበሩና የኮሚቴው ጊዜም የእናንተ መዋጮ ነው፤ በብር ተምኑት። ለጋሾች ማህበረሰቡ ምን እንዳዋጣ ያያሉ።

ከሁሉም የሚከብደው ምርጫው ነው። 42ቱንም አትያዙ። 20 ያዙ። ሌሎቹን ለሁለተኛ ዙር አስቀምጡ። መስፈርቱን በስብሰባ ላይ ተነጋግራችሁ ወስኑና ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ቁጥሩ ከበዛ ዕጣ ይውጣ፤ ዕጣ በሕዝብ ፊት ሲወጣ ሰው ይቀበለዋል። የኮሚቴ አባላት ልጆች ከተመረጡት ውስጥ ካሉ ወላጁ በዚያ ውሳኔ ላይ አይቀመጥ። ይህን በቃለ ጉባኤ አስፍሩት። ጥሩ ሥራ ሲሠራ የነበረ አንድ ቡድን «የሰብሳቢው ልጅ ገባ» በሚል ሐሜት ብቻ በሦስት ወር ሲፈርስ አይቻለሁ። ልጁ በእርግጥ ይገባው ነበር። ማን እንደወሰነ የሚያሳይ ወረቀት ግን አልነበረም። ሌላም ጥንቃቄ አለ፤ ድጋፉ ሳይጸድቅ ልጆቹን ሰብስባችሁ «ሥራ ሊመጣላችሁ ነው» አትበሉ። ለሁለት ዓመት ተስፋ ሲቆርጥ የኖረ ልጅ ላይ ሌላ ተስፋ መቁረጥ መጨመር ከባድ ነው።

እንግዲህ ገንዘቡን እንዴት ትከፋፍሉት? እኔ ብሆን ጣሪያውን 300 ሺህ አልጠይቅም። የስድስት ወር ሥራ አስቡ። በመጀመሪያ ከሰፈሩ አንድ ንቁ ሰው በግማሽ ቀን ሥራ አስተባባሪ አድርጋችሁ ቅጠሩ፤ በወር 8 ሺህ ብር ቢከፈለው 48 ሺህ ይሆናል። ይህን ወጪ አትሰስቱበት። በነፃ የሚሠራ ሰው ሁለተኛው ወር ላይ ይጠፋል፤ የራሱ ኑሮ አለበት። በቀጥታ ከወጣቶቹ ጋር የሚሠራ ስለሆነ የፕሮጀክት ወጪ ነው፤ ከአስተዳደራዊው ጋር አይደመርም። ለሥራ ፍለጋ ትራንስፖርት ለ20 ሰው በወር 700 ብር ለሦስት ወር፣ 42 ሺህ። ለሰነድና ለሙያ ብቃት ምዘና በነፍስ ወከፍ 2,500 ብር፣ 50 ሺህ። ምዘናውን ሳይወስዱ የቀሩ የቴክኒክና ሙያ ምሩቃን በዝርዝራችሁ ውስጥ እንደማይጠፉ እገምታለሁ፤ ብዙዎች የሚቀሩት በክፍያው ነው። ለሁለት ዙር የሥራ ፍለጋ ዎርክሾፕ ከአሠልጣኝ አበልና ከሻይ ጋር 30 ሺህ። ለቀጣሪ ጉብኝት፣ ለስልክና ለኅትመት 12 ሺህ። ለአጣማሪው ድርጅት የሂሳብና የኦዲት ድርሻ 22 ሺህ። የቀረው አንድ ነገር ነው፤ እሱን ለይቼ ላስረዳ።

ሥራ ያገኘ ልጅ የመጀመሪያ ደመወዙ እስኪደርሰው ሠላሳ ቀን አለበት። ያን ሠላሳ ቀን ጠዋትና ማታ ታክሲ ይከፍላል፣ ምሳ ይበላል። ከየት አምጥቶ? ብዙ ልጅ የሚያቋርጠው እዚህ ላይ ነው። ቀደም ብዬ በጠቀስኩት የብላትማንና የደርኮን ጥናት ፋብሪካ ከገቡት ውስጥ ሲሶው በመጀመሪያው ወር ለቀቀ፤ ዓመት ሳይሞላ 77 በመቶው ወጥቶ ነበር። የለቀቁበት ምክንያት የታክሲ ገንዘብ ብቻ አልነበረም። ሥራው ከባድ ነበር፤ ጤናም ይጎዳ ነበር። ግን የመጀመሪያው ወር ምን ያህል ስስ እንደሆነ ያሳያል። ስለዚህ ሥራ ለጀመረ ሰው ለአንድ ወር 2 ሺህ ብር መሸጋገሪያ ያዙ፤ ለ20 ሰው 40 ሺህ። በአንዴ አትስጡት። በየሳምንቱ 500፣ በፊርማ። ጠቅላላው 244 ሺህ ብር ይመጣል። የዘረዘርኩት ዋጋ ማሳያ ነው። የታክሲውንም የምዘናውንም ሂሳብ ራሳችሁ ጠይቃችሁ አስተካክሉት። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ የውጭ ዕቃ ዋጋ እንዴት እንደዘለለ አይታችኋል፤ ካለፈው ዓመት ማመልከቻ ላይ ዋጋ አትገልብጡ።

ልጁ ሥራ ገባ ብላችሁ ፋይሉን አትዝጉ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ አሠሪው ሠራተኛውን ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብት ይችላል። አስተባባሪው በሳምንት አንድ ጊዜ ይደውልለት። አሠሪውንም በወር አንዴ ያነጋግር። ውጤታችሁንም በዚህ ለኩ፦ ስንት ልጅ ሠለጠነ ሳይሆን ስንት ልጅ 60ኛውን የሥራ ቀን አለፈ። ከ20ው 10 ያልፋሉ ብላችሁ ቃል ብትገቡ ሊታመን የሚችል ነው። ለጋሹም ይህን ሲያነብ ሥራውን የሚያውቅ ሰው እንደጻፈው ይገባዋል።

ስለ ዋስ አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። እድሩ ራሱ እንደ ተቋም ዋስ ሆኖ አይፈርም። አንድ ልጅ ቢያጎድል የ260 አባወራ የቀብር ገንዘብ ይያዛል። እድሩ የሚያደርገው ማገናኘት ነው፤ ዋስ የሚሆነው ፈቃደኛ የሆነ ግለሰብ ነው። እሱም ቢሆን የዋስትናው ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ያልተጻፈበት ወረቀት ላይ አይፈርም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 ዋስ የተሆነበት ከፍተኛ መጠን ያልተገለጸበት የዋስትና ውል ውጤት እንደሌለው ይደነግጋል። ይህን ለፈራሚዎቻችሁ አስረዱ። ብዙ ሰው ዋስ መሆን የሚፈራው ማለቂያው ስለማይታወቀው ነው። ቁጥሩ ሲታወቅ ብዙዎች እሺ ይላሉ።

ከሥራ ፈላጊው ደግሞ ሳንቲም አትቀበሉ። «የመመዝገቢያ» ብላችሁ 50 ብር ብትሰበስቡ እንኳን ከደላላ የሚለያችሁ ነገር አይኖርም፤ ስማችሁም ይበላሻል። «ፕሮፖዛል ጽፌ አሥር ፐርሰንት እወስዳለሁ» የሚላችሁን ሰውም አትቀበሉ። ያ ክፍያ ከድጋፉ ላይ ሊወጣ የሚችል ወጪ አይደለም። ደግሞ እሱ የጻፈውን እናንተ አታውቁትም፤ ገምጋሚው ሲጠይቃችሁ ዝም ትላላችሁ። ራሳችሁ ጻፉት። አምስት ገጽ ይበቃል።

ማመልከቻው እስኪታይ ድረስ ያለ ገንዘብ የሚሠራ ነገር አለ። 42ቱም ወረዳው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ቢሮ ሄደው በሥራ ፈላጊነት ይመዝገቡ። በነፃ ነው። እንደ ወጣቶች የሥራ ላይ ልምምድ ያሉ ዕድሎች በዚያ መንገድ ነው የሚመጡት፤ ያልተመዘገበ አይታሰብም። የሥራ ማስታወቂያም ከኮሚቴው አንዱ ከቴሌግራምና ከጋዜጣ እየለቀመ እድሩ በር ላይ ይለጥፍ። ማስታወቂያ ለማንበብ መሃል ከተማ ድረስ የሚሄድ ልጅ የታክሲውን ያተርፋል።

ሌሎች የድጋፍ ምንጮችንም ልትሰሙ ትችላላችሁ። የጃፓን ኤምባሲ ለማህበረሰብ ቡድኖች የሚሰጠው የሰው ልጅ ደህንነት ድጋፍ የሚያተኩረው ግንባታና ዕቃ ላይ ነው፤ ደመወዝና የሥራ ማስኬጃ አይሸፍንም። ለእናንተ ሥራ አይስማማም። የካናዳ የአካባቢ ተነሳሽነት ፈንድ በጥሪ የሚሠራ ነው፤ ፕሮጀክቱ በአጭር ጊዜ እንዲያልቅ ይፈልጋል። በተመድ የልማት ፕሮግራም በኩል የሚሰጠው የአነስተኛ ድጋፍ ፕሮግራም ዓላማው አካባቢ ጥበቃ ነው። ቆሻሻ መለየት ወይም ችግኝ ማፍላት የሚሠራ የወጣት ማህበር ካላችሁ ሌላ ጊዜ አስቡበት። አሁን ግን ከሰማችሁት የአገር ውስጥ ድርጅት ጀምሩ። 244 ሺሁን በአግባቡ አውጥቶ ሪፖርቱን በጊዜው ያስገባ ቡድን ቀጣዩን በር ሲያንኳኳ የሚያሳየው ነገር ይኖረዋል።

በሚቀጥለው ወርሃዊ ስብሰባ መዋጮው ሲሰበሰብ አንድ ወረቀት ይዙር። እያንዳንዱ አባል ሁለት ነገር ይጻፍበት፦ የት እንደሚሠራና እስከ ስንት ብር ዋስ ለመሆን ፈቃደኛ እንደሆነ። ጉዳዩ በዚያው ቀን በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ከ260 አባወራ 30 እንኳን ቢሞላ፣ ወረቀቱን ከመዝገባችሁ ኮፒ ጋር አያይዛችሁ ወደ ድርጅቱ ሂዱ።